ትንፋሽ ለቃሚው

ራስል ሆልሮይድ ወንድሙ ሲሞት ምንም አልተሰማውም። ለማንም አልተናገረውም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። የካቲት ላይ ኔቪል ሃሊፋክስ ከተማ መሃል አውቶብስ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ አለች። ራስል ስልኩን አነሳ፣ "እሺ፣ መጣሁ" አለ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ሄደ። ከቀብር መልስ በቀረበው የአሳማ ሥጋ ፓይ ላይ ጨው እንዳነሰ ልብ አለ። ሰው እያቀፈው ሲነፋረቅ እሱ የሚያስበው ፓይውን ማን እንደጋገረው ነበር።

ሁለቱ ወንድማማቾች "የቀዘቀዘ ምድጃ" የሚባል የሮክ ባንድ ነበራቸው፤ ኔቪል ዘፋኝ፣ ራስል ባስ ጊታር ተጫዋች። በወጣትነታቸው አንድ ዘፈን ወጣላቸውና አገሩ ሁሉ አንድ ክረምት ሲያዜመው ከረመ። ከዚያ አገሩም ረሳቸው፣ አሳታሚያቸውም አሰናበታቸው። ያልረሷቸው ባንዱ ሲያረጅ አብረውት ያረጁት አድናቂዎች ብቻ ናቸው። አዲሱን አልበም ያሳታሚ እጅ ሳይገባበት፣ በእነዚሁ ሰዎች መዋጮ እናውጣው ያለው ኔቪል ነው። ላዋጡት ሁሉ ደግሞ ገና በሥራ ላይ ያለውን ጥሬ ቅጂ በየወሩ እንልክላቸዋለን ሲል ቃል ገባ።

"ያልበሰለ ምግብ ለእንግዳ የሚያቀርብ ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አለው ራስል።

"እንግዶች አይደሉማ። ድስቱን የገዙት እነሱ ናቸው።"

ኔቪል እንዲህ ነበር፤ መልስ አያጣም። ራስል ደግሞ ጉድፍ አይወድም። እናታቸው ዕድሜዋን የጨረሰችው ሱፍ ፋብሪካ ውስጥ፣ ተሸምኖ ከወጣ ጨርቅ ላይ ቋጠሮና ጭራሮ በወረንጦ እየለቀመች ነው። ልጆቿን አጠገቧ አስቀምጣ "በዓይናችሁ አትመኑ፣ ዳብሱት" ትላቸው ነበር። ኔቪል እየዳበሰ እንቅልፍ ይወስደዋል። ራስል ግን ሙያውን ያዘ፤ ጋራዡን የቀረጻ ክፍል ካደረገው ወዲህ ከሙዚቃው ላይ ሳል፣ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ የከንፈር ድምፅ ይለቅማል። "እናታችንን ጋራዥ ውስጥ ቆልፎባታል" እያለ ኔቪል ያሾፍበት ነበር።

ኔቪል ሲሞት ከድምፁ የቀሩት ጥሬ የመምሪያ ቀረጻዎች ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ተጫዋቾች እንዲከተሉት ያህል ተቀምጦ፣ ሻይ በእጁ ይዞ የዘፈናቸው። በኋላ ደህና አድርጌ እዘፍናቸዋለሁ ብሎ ነበር። በኋላ የሚባል ነገር አልመጣም። አድናቂዎቹ ግን ከፍለዋል፤ አልበሙ መውጣት አለበት፤ በዓለም ላይ የቀረው የኔቪል አዲስ ድምፅ ያ ነው።

ራስል ቁጭ ብሎ አጸዳው። ድምፅ ማጉያውን ዘግቶ ነው ያጸዳው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ድምፅ እንደ ተራራና ሸለቆ ሆኖ ስለሚታይ፣ በዘፈኑ ተራራዎች መሃልና መጨረሻ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ጉብታ እየቆረጠ ጣለ። ለምን ሳትሰማ ቢሉት፣ ልምድ አለኝ ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር የወንድሙን ድምፅ ሰምቶ አሁንም ምንም ካልተሰማው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሊያውቅ ስላልፈለገ ነው። የቀድሞውንም ቅጂ አላስቀረም። የቴፕ ክር ውድ በነበረበት ዘመን ያደገ ሙዚቀኛ የማይፈልገውን አጥፍቶ በላዩ ይቀዳል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ያለቀውን ለአድናቂዎቹ ላከ። በማግስቱ ሞይራ የጋራዡን በር አንኳኳች። ሞይራ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ባንዱ ካለበት አትጠፋም።

"ሳታዳምጠው ነው የላክኸው?" አለችው ሳትቀመጥ።

"ምን ጎደለው?"

"ኔቪል ጎደለው።"

"ከዳር እስከ ዳር የሚዘፍነው እሱ አይደል እንዴ?"

"እሱማ ሲዘፍን ይተነፍሳል፣ የኔ ልጅ። እዚህ ውስጥ የት ጋ ነው የተነፈሰው?"

ራስል "ጠፍቷል። ቅጂ የለኝም" አላት።

"አንተ ባይኖርህ እኔ አለኝ። ልካችሁልኝ የለ?" ስልኳን አወጣች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ከጋራዡም የወጣው ጥሬ ቅጂ በየሰዉ ቤት ተቀምጧል። "የመጨረሻውን ዘፈን ስማ። የኛ ሰዎች በጣም የሚወዱት መጨረሻውን ነው።"

ኔቪል ዘፈነ። በየስንኙ መሃል አየር ይስባል፣ አንዳንዴም ያንሰዋል። ራስል ያን የአየር ማነስ ያኔ ልብ አላለውም ነበር፤ አሁን ሰማው። ዘፈኑ አለቀ፣ ሳለ፣ ወንበሩ ሲጥ አለ።

"ይበቃል። ትንፋሼን ራስል በወረንጦ ይለቅመዋል" አለ ኔቪል። "አንተ፣ ሻይ አለ ወይስ ዛሬም ራሴው ላፍላ?"

ከሩቅ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ደረቅ፣ የተሰላቸ። "ዝም በል፣ ገና እየተቀዳ ነው።"

የራስል የራሱ ድምፅ ነበር። ኔቪል በዚያ ቁጣ ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ቀረጻው ተቆረጠ።

ሞይራ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። "ነገ እወስደዋለሁ" አለችው ከበሩ ላይ።

ራስል ከዚያ የቀረጻ ቀን በኋላ ከወንድሙ ጋር ምን እንደተነጋገረ ለማስታወስ ሞከረ። በስልክ ስለ አውቶብስ ሰዓት አንድ ነገር ተባብለዋል፤ ሌላ ትዝ አላለውም። ደጋግሞ ሰማው። ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ደረቱ ላይ አመመው፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አመመው። ሕመሙ እንዳይሄድበት ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ።

ከዚያ ጥሬውን ድምፅ ከስልኩ ገልብጦ አልበሙን እንደገና ሠራው። እጁ በልማድ ወደ ሳሉ ሄደ፤ መለሰው። ባሱን እንደገና ሲጫወት ኔቪል አየር የሚስብበት ቦታ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ይህን ሲሠራ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ፣ ዓይኑን ግን ጨፍኖ ነበር።

ወደ ማተሚያ ከመላኩ በፊት የባንዱ ከበሮ መቺ ባሪ አዳምጦ ደወለ።

"ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ አንድ ሰው 'ዝም በል' ይላል። በስህተት የቀረ ነው?"

"አይደለም፤ እኔ ነኝ" አለ ራስል።

"ታዲያ ላጥፋው?"

"ተወው። ካጠፋኸው ኔቪል የሚስቅበት ምክንያት አይኖረውም።"