የአባባ ምርቃት ከነመንቀጥቀጡ ይግባ!

«ይኼን ካላስገባህ ቪዲዮውን አልረከብህም!» አለች የጎረቤቴ ልጅ ሙሽራዋ ዘነብ፣ ዛሬ መርሳ ስቱዲዮ ውስጥ።

እኔም ከጎኗ ነበርኩ፤ መቼም ወሬ ካለበት አልጠፋም።

በሰርጉ ዕለት አያቷ አባባ ሲመርቁ ካሜራማኑ ውጭ የሙሽራውን መኪና ሲቀርጽ ነበር። ምርቃቱ የተገኘው እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

«ካሜራዬ በሰከንድ ሃያ አምስት ምስል ያነሳል፣ ስልኩ ሠላሳ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይንቀጠቀጣል። ሥራዬን ያበላሽብኛል» አለ ካሜራማኑ።

«የአባባ እጅ ድሮም ይንቀጠቀጣል፤ እሱንም ትቆርጠዋለህ?» አለችው ዘነብ።

አስገባው። እውነትም ትንሽ ይንገጫገጫል። ቢንገጫገጭስ? አባባ ቪዲዮው ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ ሁላችንም «አሜን» አልን፤ ካሜራማኑም ጭምር!

እናንተስ፣ «አይገጥምም» ሲሏችሁ እንቢ ብላችሁ ቪዲዮ ውስጥ ያስቀራችሁት ማንን ነው?