ወደ ዒድ ሄዷል

ልንመረቅ ሁለት ወር ሲቀረን ኮሌጃችን ለመጨረሻው የተግባር ልምምድ እኔንና ጓደኛዬን ወደ አሰብ ላከን። እሱ የአሰብ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ባሕርን በካርታ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ የማላውቅ ደገኛ። ማደሪያ ፍለጋ አልደከምኩም፤ እናቱ ቤት አረፍን።

እናቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቢሮ የሚሠሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። እሱ ኡሚ ይላቸዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ እኔም ኡሚ ማለት ጀመርኩ። ታላቅ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። በዚያ ቤት ስሙ ሲነሳ አልሰማሁም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነዳጅ ማጣሪያው ገብተን የፓምፖቹን ንባብ ስንመዘግብ እንውልና ስምንት ሰዓት ላይ እንወጣለን። ከዚያ በኋላ ቀኑ የኛ ነው። ጓደኛዬ አንዲት ከሰዓት እንኳ በከንቱ እንድታልፍ አይፈልግም ነበር። ከተመረቅን በኋላ ወዴት እንደሚመድቡን አይታወቅም፤ እንዲህ አብረን የምንሆነው እነዚህን ሳምንታት ብቻ ነው ይለኛል። ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ባሕሩ ይወስደኝና መዳፉን ከሆዴ ሥር አድርጎ ዋና ያስተምረኛል። እጁን መቼ እንዳነሳ ሳላውቅ ብቻዬን ስንሳፈፍ ራሴን አገኘሁት። ዛሬም ውኃ ውስጥ ስገባ ያ መዳፍ ከሥሬ ያለ ይመስለኝና ቶሎ እወጣለሁ።

የተማረበትን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሳየኝ። ፊደል ያስቆጠሩትን መምህር ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ከረባት ተውሶ ፎቶ ተነሳና ለእናቱ ሰጣቸው። እኔ ይህን ሁሉ የምረቃ ደስታ ነው ብዬ ነበር። ስንብት መሆኑ የገባኝ አንድ ሐሙስ፣ እስከ ደረታችን ውኃ ውስጥ ቆመን ሳለን ነው። ማንም የሚሰማን አልነበረም።

«እሑድ እሄዳለሁ» አለኝ። «ድንበሩ አጠገብ ካለችው ራሔይታ በጀልባ አልፌ ጅቡቲ እገባለሁ። አብረን እንሂድ።»

መመረቂያችን አንድ ወር ነው የቀረው አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው አሁን የምሄደው። ስንመረቅ እንደ ወንድሜ ይወስዱናል።»

እንደማልሄድ ነገርኩት። አልተቀየመኝም። ለእናቱ ግን ዒድ ከተማ ያለች አክስቱን ተሰናብቶ በሦስተኛው ቀን እንደሚመለስ ሊነግራቸው አስቧል። ከጅቡቲ ደብዳቤ እስኪልክ ድረስ እውነቱን እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። እሑድ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ወጣ። ኡሚ ለአክስቱ የሚያደርስላቸው ቴምር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት። ዒድ በስተሰሜን ነው፤ እሱ የሄደው በስተደቡብ ነው።

ሦስተኛው ቀን አለፈ። ኡሚ ምሳ ሲያቀርቡ ለሦስት ያቀርባሉ፤ ሦስተኛውን ሳህን ክዳን ደፍተው ያስቀምጡታል። ፎጣው ገመዱ ላይ እንደተሰጣ ቀረ። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው የት እንደሄደ ሲጠይቁ ኡሚ ያለ ምንም ጥርጥር «ወደ ዒድ ሄዷል» አሏቸው። ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ወደ ዒድ ሄዷል አልኩ።

በሰባተኛው ቀን ኡሚ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወደ ዒድ መልእክት ላኩ። አለፍ ብሎ ጥዖ ከተማም እንዲጠይቅላቸው ለመኑት። አልመጣም የሚል መልስ ደረሰ። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ላንተ ነግሮህ የሄደው ነገር አለ?»

«የለም ኡሚ» አልኩ።

ቃሌን ስለ መጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሴን ይቅር ባልኩት ነበር። ግን ፈርቼም ነበር። አውቆ ዝም አለ ከተባልኩ መመረቄ እንደሚቀር፣ ከዚያም የባሰ እንደሚመጣ አስብ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ሲገላበጡ እየሰማሁ ደብዳቤው ነገ ይመጣል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ልምምዱ አልቆ የምመለስበት ቀን ደረሰ። ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኡሚ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ወንድሜ ራሔይታ ዓሣ አጥማጅ ነው» አሉኝ። «ያንን ባሕር ደሴት በደሴት ያውቀዋል። በሄደ ማግሥት ብትነግረኝ ወጥቶ ይፈልገው ነበር።» ከዚያ ያን ሳምንት ነፋስ እንደነበረ ጨመሩ። እኔ ነፋስ መኖሩን እንኳ አላስተዋልኩም ነበር።

ወንድማቸው በኋላ ፈለገ። ስለዚያች ጀልባም ሆነ ስለ ተሳፋሪዎቿ አየሁ የሚል ሰው አላገኘም። ከጅቡቲም ደብዳቤ አልመጣም።

የምረቃው ዕለት ስም ዝርዝሩን ያስተካከለው ሰው ስላልነበረ ስሙ ተጠራ። ማንም አልተነሳም። ጠሪው ደግሞ ጠራና ወደሚቀጥለው አለፈ። የሚቀጥለው እኔ ነበርኩ። ተነስቼ ዲፕሎማዬን ተቀበልኩ፤ ሰው አጨበጨበ።

ለኡሚ እጽፍላቸው ነበር። እሳቸውም ይመልሱልኛል። ጤንነቴን ይጠይቃሉ፣ የሥራዬን ነገር ይጠይቃሉ፣ ማግባት አለማግባቴን ይጠይቃሉ። ስለ እሱ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም ስለ እሱ አልጻፍኩም። መንግሥት ወድቆ አሰብ ከድንበር ወዲያ ስትቀር ደብዳቤያቸው ቀረ፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረኝ አላገኘሁም።