በጆሮዬ የተነገሩኝ ስሞች

ስሞቹን የጻፍኩበትን ወረቀት የቀደደው አስማማው ነው፣ የመቶ መሪያችን። የፍልሰታ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሊማሊሞ አፋፍ በላይ ባለው ጉብታ። ዛሬ ዳባት ውስጥ በሰላም ይኖራል። ይህን ሲያነብ ማንን እንደምል እንዳይጠፋው ስሙን አስቀድሜ ጻፍኩ።

በወጣትነቴ ወታደር ነበርኩ፤ ቁስለኛ ማከም የተማርኩትም እዚያው ነው። ጦርነቱ ደባርቅ ደጃፍ ሲደርስ ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። የዕርዳታ ቦርሳዬን ይዤ ከሚሊሻዎቹ ጋር ወጣሁ። ማንም አልለመነኝም፤ ማንም አልከለከለኝም።

መጀመሪያ የሞተብን ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው ሰው ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ እንዳለ ጥይት አገኘው፤ አልተነሣም። ከጉብታው ኋላ ጉድጓድ ቆፈርን። ከመንደሩ የመጡት ቄስ ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ተያየን። አብረነው በልተናል፣ በአንድ ሸራ ሥር ተኝተናል። የተጠመቀበትን ስም የሚያውቅ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ቄሱ «እግዜር ያውቀዋል» ብለው ፈቱት። እኔ ግን አላስቻለኝም። በመቅደስ የሚታሰብበትን ስም ሳናውቅለት አፈር አለበስነው።

በማግሥቱ ከደብተር አንድ ገጽ ገነጠልኩና እየዞርኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ለሰማይ ቤት ምዝገባ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ ደሳለኝ፣ ደባርቅ ያስተምር የነበረው።

«አዎ። ቦታ ሳይሞላ ተመዝገብ።»

ሳቁ። እሱም ስሙን ነገረኝ። ከጊች የመጣው ገበሬ አበጀ ግን ፊቱን አዞረ። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ መተተኛ እጅ ከገባ ለክፉ ይውላል ብለው እናቶች ይደብቁታል።

«እናቴ ለሚስትህም እንዳትነግር ብላኛለች» አለኝ።

«እናትህ ይህን ሁሉ ጥይት አላየችም።»

ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ አፉን ጆሮዬ ላይ አስጠግቶ ነገረኝ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹም እንዲሁ በጆሮዬ ይነግሩኝ ጀመር። ስሙን ሲነግረኝ ድምፁ ያልተለወጠ ሰው አላየሁም። ሦስቱ ከነገሩኝ በኋላ ንስሐ እንገባለን ብለው ቄሱን አስጠሩ። ወረቀቱ እስከተቀደደበት ጠዋት ድረስ ሃያ አንድ ስም ጽፌ ነበር።

ያን ጠዋት ጌትነት መጣ። የአስማማው ታናሽ ወንድም፣ ጸጥ ያለ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት። አጠገቤ ተቀምጦ ገና አፉን ሲከፍት ወንድሙ ደረሰ።

«አንቺ፣ ሰዎቼን በቁማቸው ልትቀብሪያቸው ነው?»

በዕድሜ እናቱ እሆናለሁ። አንቺ አለኝ። ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝ፣ ቀዳደደውና ወደ ገደሉ በተነው። «ሟርተኛ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«የቀደድከው ወረቀት ነው» አልኩት።

ጌትነት ሲያልፍ ቀስ ብሎ «ማታ እነግርዎታለሁ፣ እትዬ» አለኝ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሃያ አንዱን ስም እንደ ዘወትር ጸሎት ደጋግሜ አነበነብኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ ተነሣ። ከታች፣ ከመንገዱ በኩል መድፍ ተተኮሰብን። ከዚያ መትረየስ። ቦታችንን አልለቀቅንም። አራት ሰዓት ላይ የግራው ምሽግ ተመታ። የደሳለኝን ቁስል ሳስር እጄ ላይ ሞተ። አምስት ሰዓት ላይ የእኛዎቹ ከጉብታው አናት ሆነው ጥይት አምጡ እያሉ ይጣሩ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ተኩሱ ቆመ። ጉብታው በእጃችን ነበር።

አምስት አስከሬን ጎን ለጎን አስተኛን። ቄሱ መጡና ያንኑ ጠየቁ። የደሳለኝን፣ የአበጀን፣ የሌሎቹን የሁለቱን በጆሯቸው ነገርኳቸው። አንድም አልተሳሳትኩም። አምስተኛው ጌትነት ነበር። ቄሱ ወደ አስማማው ዞሩ።

«የወንድምህስ?»

አስማማው አቀረቀረ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አያውቀውም ነበር።

«ይቺን ሴት ከዚህ አውርዱልኝ፤ ገደ ቢስ ናት» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አወረዱኝ። ደባርቅ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ስሙን የጠየቀችው ሰው አይሰነብትም ተባለ፤ በደጄ ሲያልፉ የሚያማትቡም ነበሩ። ስማቸውን ከነገሩኝ ሃያ አንድ ሰዎች አሥራ ሰባቱ ዛሬም ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ። ያልነገረኝ ጌትነት ሞቷል። ሞት እኔ ወረቀት እስክገነጥል አልጠበቀም።

የሞቱትን የአራቱን የክርስትና ስም እዚህ አልጽፍም። የተነገረኝ በጆሮዬ ነው። ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። ጋሼ ጫማውን አስሮ ሊነሣ ነበር። ጌትነት ማታ ብሎኝ ነበር። የንስሐ አባታችሁን ካያችሁ ዓመት ያለፋችሁ፣ በአጠገባችሁ የሚያድር ሰው በምን ስም እንደተጠመቃችሁ የማያውቅላችሁ፣ ዛሬ ንገሩት። ይህን ማለት ሟርት ከሆነ ሟርተኛ ነኝ።

ከጉብታው ባወረዱኝ በሳምንቱ በጭነት መኪና ዳባት ሄድኩና የእነአስማማውን እናት አገኘሁ። በሯን ይዛ ቆመች።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለችኝ።

«የጌትነት የክርስትና ስም። ቄሱ ሳያውቁት ነው የተቀበረው።»

በሩን ለቀቀች። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና ነገረችኝ። የአስማማውንም ጠየቅኳት። አየችኝ፤ እሱንም ነገረችኝ።

የጌትነትን ለቄሱ ሰጠሁ፤ በአርባው ቀን በስሙ ታሰበ። የአስማማውን አዲስ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ከራሴ ስም ሥር። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ይቅር አላልኩትም። ወረቀቱ መቀነቴ ውስጥ ነው።