በፒንሳው ድድ ውስጥ የተለኮሰው ጦርነት

የጎማ መፍቻው አየር ላይ ተሽከርክሮ ጋራዡ ውስጥ የቆመውን ታክሲ የፊት መስታወት አደቀቀው። ቱቦ የሚሉት መካኒክ ጎንበስ ባይል ኖሮ የሚደቅቀው ግንባሩ ነበር።

«አብደሃል እንዴ! ሽቦው ነው የነከሰህ ወይስ አንተ ነህ የነከስከው አልኩ እንጂ ምን አልኩ?» አለ ቱቦ።

ወርዋሪው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ቆሟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይንጠባጠባል።

ይህ ሰው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ጋራዡ ውስጥ የለም፤ ፒንሳው ነው የሚሉት። ሽቦ ለመላጥ ፒንሳ ሲያነሳ ታይቶ አይታወቅማ! በፊት ጥርሶቹ ጠበቅ፣ ዞር፣ ሳብ ያደርገዋል፤ ላስቲኩን እንትፍ ሲል መዳቡ ወለል ብሎ ይወጣል። ያን ቀን ግን ሽቦውን ሲስብ ጥርሱም አብሮ ተሳበ። መዳቡ ደም ተለቅልቆ ወጣ፤ ቱቦ ሳቀ፤ መፍቻው ተወረወረ።

ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ጥርሱን ሲቦርሽ ከታች ፊት ለፊት ያለው ድዱ ይደማ ጀመር። ፒንሳውም እንደ ሙያው አሰበ፦ የተላጠ ሽቦ ሲያጋጥም አይነካካም፣ ተሸፍኖ ይተዋል። ስለዚህ የሚደማውን ቦታ መቦረሽ ተወ። ሌላውን ፈትጎ ፈትጎ እዚያ ጋ ሲደርስ ብሩሹን ያዘልላል። ሲያዩት ብልህነት ይመስላል። ድዱ ውስጥ ገብተን ብናይ ግን ምን ያህል እንደተሳሳተ ይገባናል፤ እዚያ ያለው ነገር ደግሞ በእውነት ጉድ ነው።

በጥርስና በድድ መካከል ስስ ቦይ አለች። ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር እየሾለኩ ያለማቋረጥ ወደዚያች ቦይ ይወርዳሉ። ዘበኞች ናቸው። ባክቴሪያ ሲያገኙ ይውጣሉ፣ መርዝ ይረጫሉ። አንዳንዶቹማ ሆዳቸውን ዘርግፈው፣ ውስጣቸው የተጠቀለለውን ክር እንደ መረብ ወርውረው ጠላትን ይጠፍራሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። ብሩሽ በየቀኑ ባክቴሪያውን ሲበታትነው እነዚህ ዘበኞች ይበቃሉ። ብሩሽ በማይደርስበት ግን ባክቴሪያው እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ በገዛ ሙጫው ተለስኖ ምሽግ ይሠራል። ምሽጉን ደግሞ መርዙም መረቡም በቀላሉ አይደፍሩትም።

ሰውነት በቃኝ አይልም፤ ተጨማሪ ጦር ይልካል። ደም ሥሮቹ ይወጠራሉ፣ ድዱ ይቀላል፣ ገና ሲነኩት ይደማል። እልቂቱ እዚህ ላይ ነው፦ ለጠላት የተረጨው መርዝ የራስን ሥጋ ያቀልጣል። ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር አስረው የያዙት ክሮች ይበጠሳሉ። አንዳንዱ ባክቴሪያ ደግሞ ተንኮሉ! እንዳይገድለው የዘበኛውን እጅ ያስራል፣ ጠቡ እንዲበርድ ግን አይፈልግም፤ ቀለቡ የፈራረሰው ሥጋና የፈሰሰው ደም ነዋ። በመጨረሻም አጥንት የሚያሟሙ የራስ ሴሎች ይጠሩና የጥርሱን መሠረት ይቦረቡሩታል።

ፒንሳው ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው አባቱን ነው። አባቱ በእሱ ዕድሜ አንድም ጥርስ አልነበረውም፤ ዳቦ በሻይ እየነከረ በድዱ ሲያላምጥ ልጆቹ እንዳያዩት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

«ዛሬ ቱቦን፣ ነገ እኔን ልትፈነክት ነው?» አለች ሚስቱ የሆነውን ስትሰማ። «ተነስ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው።»

«ይነቅሉብኛል ስልሽ!»

«ጭንቅላትህን አይነቅሉት። ተነስ!»

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከድዱ ሥር በቀጭን ብረት ጠረግ አድርጋ በማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ጠመዝማዛ ነገሮች እየተርመሰመሱ ይራኮታሉ። በመካከላቸው ክብ ክብ ነገሮች ተዘርረዋል።

«ክቦቹ እነማን ናቸው?»

«የእርስዎ ወታደሮች ናቸው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ይጋደማሉ?»

«ሞተው ነው። ሲሞቱ ደግሞ የያዙት መርዝ ይፈስና የራስዎን ድድ ይበላዋል።»

ፒንሳው ወንበሩን በቡጢ መታው። «ቤቴን የሚያፈርሱት የገዛ ሰዎቼ ናቸዋ!»

«ሳይቦርሹ ትተው ባክቴሪያው ምሽግ እንዲሠራ ያደረጉት እርስዎ ነዎት» አለች ሐኪሟ፣ ያነሳችውን የጥርሱን ራጅ እያሳየችው። «ይሄኛው ጥርስ አጥንቱ አልቋል፣ አይድንም። አጠገቡ ያለው ግን ግማሽ አጥንት አለው። ዛሬ ምሽጉን እኔ አፈርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እርስዎ ይቦርሹታል።»

«እየደማ?»

«እየደማ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ብለው።»

አደነዘዘችው። የማይድነው ጥርስ ያለ ብዙ ትግል ወጣ፤ የቀረው ግን ፍልሚያ ነበር። ብረቱ ከድዱ ሥር ገብቶ ድንጋይ የሆነውን ቆሻሻ እየፈነቀለ ሲያወጣ ድምፁ ራስ ቅሉ ውስጥ ይፈጭ ነበር። የሚተፋበት ሳህን ቀላ። ሚስቱ እጁን ይዛ ነበርና በነጋታው ጣቶቿ አብጠው ታዩ።

ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጦርነት። ብሩሹን ያቺ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ደሙን ሲያይ ወደኋላ ይላል። «ጥርሴን ራሴ እየገደልኩት ቢሆንስ?» ይላል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ «ቦርሽ!» ትለዋለች። ይሰድባታል፣ ይቦርሻል፣ ቀይ ይተፋል። በሌላው ቀን ደግሞ ቀይ። ሲከርም ሮዝ ሆነ። አንድ ጠዋት አረፋው ነጭ ሆኖ ወጣና ተሳስቶ እንደሆነ ብሎ ደግሞ ቦረሸ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ቀጭኗን ብረት በተረፈው ጥርስ ዙሪያ አስገብታ ለካች። ደም አልመጣም። ጥርሱን በሁለት መሣሪያ ይዛ ወዲያና ወዲህ ገፋችው፤ አልተነቃነቀም።

«ያለቀው አጥንት አይመለስም» አለች። «መሸሹን ግን አቁሟል። ድዱም ጥብቅ ብሎ ይዞታል።»

«ወታደሮቼ ከባክቴሪያው ጋር ታረቁ ማለት ነው?»

«አይታረቁም፣ ጋሼ። አሁንም እዚያው ናቸው፤ እርስዎ ብሩሹን የተዉ ዕለት ይጀምራሉ።»

ፒንሳው ግን ጥርሱ አለመነቃነቁን አላመነም። አፉን እንደገና ከፈተ።

«በይ እስቲ አንዴ ደግመሽ ግፊው» አላት። «ጠንከር አድርገሽ።»