ይሄ በቃለ ጉባኤ አይያዝ

በእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ «እትዬ ቃለ ጉባኤ» ይላታል። መዝገብ ቤት ስለምሠራ የሁሉም ሰው ፋይል በእጄ ነውና እውነተኛ ስሟን የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ግን ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስብሰባ አዳራሹ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአለቆችን ንግግር ስትጽፍ ኖራለች።

ስትጽፍ ስል ደግሞ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ። የሽያጭ ኃላፊው ጠረጴዛ እየደበደበ «ይሄ ዕቅድ ሳይሆን ቅዠት ነው!» ይላል። እሷ «የሽያጭ ኃላፊው ዕቅዱ ቢዳብር መልካም መሆኑን አሳስበዋል» ብላ ትጽፋለች። የሒሳብ ኃላፊው ሲያንቀላፋ ቆይቶ ብንን ይልና «እኔም እስማማለሁ» ይላል። እሷ «ጉዳዩን በጥሞና ከተከታተሉ በኋላ ድጋፋቸውን ገልጸዋል» ትላለች። ዋና ሥራ አስኪያጁማ የራሱ ልማድ አለው። ሰው ሊያማ ሲል ወደ እሷ ዞር ብሎ «ይሄ በቃለ ጉባኤ አይያዝ» ይላል። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታጋድማለች። እሱ የልቡን ተናግሮ ሲወጣለት መልሳ ታነሳዋለች። በማግስቱ ስድስቱም ኃላፊዎች ወረቀቱን ሳያነቡ ይፈርማሉ። ምን ብለው ያነባሉ? ከተናገሩት አሳምራ እንደጻፈችው ያውቁታላ።

ታዲያ ከቅርንጫፎቹ ጋር በቪዲዮ የምንሰበሰብበትና መልእክት የምንለዋወጥበት መተግበሪያ ታድሷል ተባለ። የኮምፒውተር ባለሙያው ልጅ እንደተወለደለት አባት እየተፍነከነከ ሁላችንንም ሰብስቦ አዲሱን ነገር ያሳየን ጀመር። ከጀርባችሁ ያለውን ያደበዝዛል፤ እጅ ስታወጡ ያውቃል፤ ጫጫታ ያጠፋል። እውነትም አጠፋ! ድምፀ ጎርናናውን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ጫጫታ ነው ብሎ አጠፋው። ሰውየው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፉን ሲያንቀሳቅስ አየነው። ሐቁን ልናገርና እንደዚያ ቀን ስብሰባ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ባለሙያው ዋናውን ለመጨረሻ አቆይቶት ኖሯል። «ከእንግዲህ የሚነገረውን እየሰማ ቃለ ጉባኤውን ራሱ ይጽፋል፤ በማግስቱ ጠዋትም ለተጋበዘው ሁሉ ይልካል» አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ እትዬን አያት። እሷ አቀርቅራ ትጽፍ ነበር።

ጡረታዋ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። የሟች እህቷን ልጅ የምታሳድገው እሷ ናት፤ ልጅቷም ዩኒቨርሲቲ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ይሄን ሁለትና ሁለት በልቧ አጋጥማ ነው የምትኖረው። ያን ቀን ሻይ ስንጠጣ «ሁለት ዓመት ብቻ ይታገሡኝ» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ እንኳን መሣሪያ፣ ግድግዳው ራሱ ይጻፍላቸው።»

በሳምንቱ ማክሰኞ የኃላፊዎች ስብሰባ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ በር ላይ አገኛትና «እትዬ፣ ዛሬ አንቺ እረፊ፤ መሣሪያውን እንሞክረው» አላት። ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ስልኳ ጮኸ። መነጽሯን እስክታገኝ ልጅቷ አነሳችውና ታነብላት ጀመር። የሽያጭ ኃላፊው፦ ይሄ ዕቅድ ሳይሆን ቅዠት ነው። የሒሳብ ኃላፊው፦ ማንኮራፋት፣ አራት ደቂቃ። ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ የልጅቷ ድምፅ ቆመ።

«ጨርሺዋ» አለቻት እትዬ።

«ዋና ሥራ አስኪያጅ፦ ይሄ በቃለ ጉባኤ አይያዝ። ሴትዮዋ እኮ መሣሪያው በነፃ የሚሠራውን ነው በደመወዝ የምትሠራው። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ መደቡ ይሰረዝ። ፊት ለፊት ለመናገር ግን እኔ አልችልም፤ አስተዳደር በደብዳቤ ይንገራት። ውሳኔ፦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ወይ ጉድ! ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ለምዶ፣ መሣሪያውም እስክሪብቶውን የሚያጋድም መስሎታል። ባለሙያው ደግሞ ሲሞክር የሠራተኛውን ሁሉ ስም ከተጋባዦቹ ዝርዝር ውስጥ ከቶት ነበር። እኔ ቢሮ ስገባ ኮሪደሩ በሹክሹክታ ታምሷል። ኃላፊዎቹ ሊሰርዙት ቢሯሯጡ መተግበሪያው ሌላ አዲስ ነገር አሳያቸው፦ መልእክቱን አርባ ሦስት ሰዎች አይተውታል። እኛ ደግሞ በጠቅላላው አርባ ሦስት ነን።

ሐሙስ ቃለ ጉባኤው ለቦርዱ መቅረብ አለበት። ቦርዱ የሚቀበለው ስድስቱ የፈረሙበትን ወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ማን ዘንድ ይኬድ? እትዬ ዘንድ ነዋ! እኔ ፋይል ልሰጣት ገብቼ በዓይኔ አየሁ። የሽያጭ ኃላፊው «የኔ እናት፣ ያቺን ቅዠት የምትለዋን ነገር አደራ» ብሎ ወጣ። የሒሳብ ኃላፊው «ጉንፋን ይዞኝ እኮ ነው» አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉ። በመጨረሻ ዋና ሥራ አስኪያጁ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኗን ማየት አልሆነለትም። «እንደ ድሮሽ አሳምሪልን እንጂ፣ እትዬ» አለ።

ለእያንዳንዳቸው «ሌላ የሚስተካከል አለ?» ትላለች። ስድስቱም «የለም» አሉ።

ቆሽቴ አረረ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ስለ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ቢያነሳላት ምን ነበረበት? «አንቺስ እንዴት ትችያቸዋለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። «ተው፣ ሥራ አለብኝ» ብላ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ። ቦርዱም ማኅተሙን አሳርፎ መለሰው።

ወሩ ሲያልቅ የአስተዳደር ኃላፊዋ የስንብት ደብዳቤውን ለመጻፍ መነሻ የሚሆናትን የጸደቀ ቃለ ጉባኤ ጠየቀች። ዋና ሥራ አስኪያጁ እኔን ፋይሉን እንዳመጣ አዘዘኝ፤ እትዬንም አስጠራት። ተራ ቁጥር ዘጠኝን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋ በሌሉበት ስለ እንጀራቸው መነጋገር ነውር እንደነበረ ገልጸው ይቅርታ ጠይቀዋል። ጉባኤውም ጸሐፊዋ ጡረታ እስኪወጡ መደቡ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። መልሶ አነበበው። ከሥሩ ስድስት ፊርማ አለ፤ የመጀመሪያው የራሱ ነው። ልክ አይደለም ካለ የመሣሪያውን ጽሑፍ ለቦርዱ ሊያቀርብ ነው፤ ከነቅዠቱ፣ ከነማንኮራፋቱ።

«እኔ ይሄን መቼ አልኩ?» አላት።

«አላሉትም» አለች እትዬ። «ሃያ ስድስት ዓመት ከጻፍኩልዎ ግማሹንም አላሉትም። ሊሉት የሚገባዎትን ነው የምጽፈው። ሌላ የሚስተካከል አለ ወይ ብዬም ጠይቄዎት ነበር።»

እኔ የፋይሉን ገመድ እጠመዝዛለሁ። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ ወደ መስኮቱ አየ፣ ተመልሶም ፊርማውን አየ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ» አለ። ከአንጀቱ ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ።

እሷ ከልማድ የተነሳ ደብተሯን ገልጣ እስክሪብቶዋን አንስታ ኖሯል። እሱም አያት፤ እኔንም አየኝ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ ግን በቃለ ጉባኤ አይያዝ» አለ።

እትዬ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመች።