ከቀጭኑ መጽሐፍ ወደ ወፍራሙ

የመጻሕፍቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ከአቅሜ በላይ የሆነ መጽሐፍ ሰጠኝ፤ ከዚያ በዚያው መጽሐፍ ፈትኖ «አትችልም» ብሎ በሰው ፊት ጣለኝ። በደሉ ይህ ነው። ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በንጉሡ ጊዜ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የሚገቡበት ክበብ ነበር። ባለቤቴ መካኒክ ስለነበር እኔም እገባለሁ። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ሎሚናት እየጠጣን እንቀመጣለን፤ ወንዶቹ ውስጥ ቼዝ ይጫወታሉ። እሁድ እሁድ በሚጫወቱበት ጠረጴዛ መቀመጫ የሚፈልግ ሰው መፈተን ነበረበት። ቁልፉን የያዘው የክበቡ ኃላፊ ከመጽሐፍ አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይደረድራል፤ ተፈታኙ ሰው ሁሉ እያየው ይፈታል። ከፈታ ይቀመጣል። እኔ ያንን መቀመጫ ፈለግሁ። ሴት አትቀመጥም የሚል ደንብ አልነበረም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ኃላፊው ያገራችን ሰው ነው፤ ፈረንሳይኛ ስለሚያበዛ ግን ከጀርባው እንደ ፈረንጅ «ሙሴ» እንለዋለን። መጻሕፍቱም የፈረንጅ ናቸው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም የሰሌዳውን ሥዕል ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም። ጨዋታውንም ከአባቴ ጋር እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት።

መጀመሪያ ቀጭኑን መጽሐፍ ገለጠልኝ። ጥቁሩ ንጉሥ ብቻውን ቀርቷል፤ ነጩ ንጉሥና ሁለት ግንብ አለው።

«ነጭ እንዴት ይገድላል?» አለኝ።

«አይገድልም። እኩል ነው።»

«እንዴት እኩል?»

«ብቻውን የቀረ ንጉሥ ይገደላል እንዴ? ነውር አይደለም?»

እስኪያስለው ሳቀ። አባቴ የሚጫወተው የአገራችንን የድሮ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ነበር። እዚያ ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይነካም፤ እኩል ተብሎ ይነሣል። እኔ የማውቀው ሕግ ያ ነው።

«እሜቴ፣ ይሄ ቼዝ ነው። እዚህ ለብቸኛ አይታዘንም» አለኝ።

በዚህ አልተቀየምኩም። ሕጉ ሌላ ከሆነ እማራለሁ። ከተማው በቀትሩ ሙቀት ሱቁን ሲዘጋ፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ እኔ ሰሌዳዬን ዘርግቼ ተውሼ ከወሰድኩት ቀጭን መጽሐፍ ጋር እታገል ነበር። እጄ የለመደው የአባቴን ጨዋታ ስለሆነ ንግሥቲቱን አንድ እርምጃ ብቻ ገፍቼ አቆማታለሁ፤ እሷ ግን እዚህ ሰሌዳውን አቋርጣ ትሮጣለች። ቀስ በቀስ ገባኝ። በኋላማ ገጹን ከመግለጤ መልሱ ይታየኝ ጀመር። መጽሐፍ እንዲህ ሲሆን አብቅቷል፤ መመለስ አለበት።

መለስኩና ሌላ ጠየቅሁ። ወፍራሙን አወጣልኝ።

«በመካከል የሚሆን የለም?»

«የለም። ያለው ይሄው ነው።»

ወፍራሙ አሠቃየኝ። ቀኑን ሙሉ አንድ ገጽ ላይ እቀራለሁ። መልሱን ከኋላ አይቼም ለምን ትክክል እንደሆነ አይገባኝም። መልሱን አይቶ እንኳ የማይገባው ሰው ያ መጽሐፍ የእሱ አይደለም። የሚመጥነው ይዞ የሚያቆየው ነው፤ ትተውት ተነሥተው ልብስ ሲያሰጡ ድንገት የሚፈታው። ዛሬ የልጅ ልጆቼ መጽሐፍ ሊገዙ ሲሉ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም።

የፈተናዬ እሁድ ደረሰ። ከእኔ ጋር የሚፈተነው አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። እሱም እንደ እኔ ከቀጭኑ ሌላ የጨረሰው የለም። ሙሴ ለእሱ ከቀጭኑ መጽሐፍ ደረደረለት። ሰውዬው ፈታና ተቀመጠ።

ለእኔ ወፍራሙን ከእጄ ወስዶ ገለጠ።

ቬንቲሌተሩ ከላይ ይሽከረከራል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ፈረሱን አያለሁ፣ ግንቡን አያለሁ፣ ሁሉም የተዘጋ ይመስለኛል።

«በዓይን አይሄድም፣ በእጅ ነው!» አለ አንዱ። ሳቁ።

ፈረሱን አነሣሁ። ሙሴ ራሱን ነቀነቀና እንጨቶቹን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ጨመራቸው። «አትችልም። የሴት ጭንቅላት እስከዚህ ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ «ተይው በቃ። ለእንጨት ብለሽ ከሰው ልትጣዪ ነው?» አለኝ።

«ለእንጨት አይደለም። እሱን በቀጭኑ፣ እኔን በወፍራሙ ለምን?»

እርምጃውን አፍጥኖ ቀደመኝ።

ሳምንቱን ሙሉ እየሄድኩ ሙሴን ይህንኑ ጠየቅሁት። አንዴ «ሥራ አለኝ» ይለኛል፤ አንዴ «ጠየቅሽ፣ ሰጠሁሽ» ይለኛል። በመጨረሻ ቁም ሣጥኑን ፊቴ ላይ ቆልፎ ሄደ።

በሚቀጥለው እሁድ በረንዳውን አልፌ ገባሁና ያልመለስኩትን ወፍራም መጽሐፍ ያቺው የተፈተንኩባት ገጽ ላይ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ «ነይ፣ እንሂድ» ይላል።

«ሁላችንንም በአንድ መጽሐፍ ፈትኑን» አልኩ። «ወይ እኔን በቀጭኑ፣ ወይ እሱን በዚህ።»

«ሴትዮ፣ ውጪ!» አለ ሙሴ።

«አልወጣም።»

የመጋዘኑ ሠራተኛ መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበው። ብዙ አየው። ሁሉም ይጠብቁታል። ከዚያ ወንበሩን ለቆ ተነሣ።

«ወላሂ እኔም አልፈታውም። በዚህ ብፈተን ኖሮ እኔም በረንዳ ላይ ነበርኩ፣ ሎሚናት ይዤ።» ወደ ሙሴ ዞረ። «ደግሞ አረንጓዴ ሽፋን ያለው መካከለኛ ነበር እኮ፣ አቦ! ዱሮ እዚሁ አይቼዋለሁ። የት ገባ?»

አሁን የሚስቅ የለም። ሁሉም ዓይን ሙሴ ላይ ነው። እሱ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አልኩት። «ለምን መካከለኛውን አዘለሉኝ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ፈረንሳይኛ መለሰልኝ፤

«መካከለኛው እኔ ቤት ነው። ይዤው ቆየሁ፤ እኔ ራሴ ገና ከግማሹ አላለፍኩም።»