የተከፈተው ገበቴ

እትዬ ካፔካ ሰባ ዓመታቸው ነው። ጎደሬ ሲወቅጡ "ነፋሱ ወንድሜ፣ ማዕበሉ ጓዴ" እያሉ ያንጎራጉራሉ። የሃዋይ በጋ ገብቶ ሰላጤው እንደ ሰማይ ሲጠራማ፣ እጃቸው ከሙቀጫው ላይ ሆኖ ልባቸው ከታንኳዎቹ ጋር ይቀዝፋል። ዘንድሮ ግን የቀዛፊዎቹ አለቃ፣ የወንድማቸው ልጅ ናሆዋ፣ ለነገው የታንኳ ውድድር የእሳቸውን ቦታ ለሌላ ሊሰጥባቸው ነው።

ምሳ ላይ "ስማ አንተ!" ብለው ጠቡን ሊጀምሩ ሲሉ፣ ናሆዋ ፈጠን ብሎ ፖይ የሚሉትን የጎደሬ ገንፎ የያዘውን ገበቴ ከፈተ። እዚያ አገር የጎደሬው ገንፎ ተከፍቶ ሳለ ክርክር አይነሳም፤ ጎደሬ የሰው ሁሉ ታላቅ ወንድም ነውና በፊቱ ክፉ ቃል መናገር ነውር ነው።

"ያዝኩዎት፣ አክስቴ! ወገብዎም ይረፍ።"

ቤተሰቡ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ካፔካ ሁለት ጣታቸውን ፖዩ ውስጥ ነክረው ላሱ፣ በጉድጓድ ከበሰለው አሳማ ጎረሱ። ከዚያ ድምፃቸውን እንደ ማር አለስልሰው፣

"የኔ ጌታ፣ ነገ ታንኳው ውስጥ ሦስተኛው ወንበሬ ላይ ብቀመጥ ደስ አይልህም?" አሉት።

ናሆዋ ደነገጠ። እምቢ ቢል ክርክር ሊሆን ነው። ገበቴውን ሊከድን እጁን ሲዘረጋ እናቱ ቸብ አደረገችው።

"ሰው ሳይጠግብ? ምን ያለው ስስታም ነው!"

"ደስ... ደስ ይለኛል፣ አክስቴ።"

በማግስቱ ከአምስት ታንኳ አራተኛ ወጡ። እትዬ ካፔካ ግን ሰላጤውን ከዳር እስከ ዳር እየዘፈኑ ተሻገሩት፤ ቀድመዋቸው የደረሱት ሁሉ ዳር ቆመው ይቀበሏቸው ነበር።